ሐዘን በእግሩ ይምጣ

እትዬ ጥሩወርቅ የወንድሜን ሞት እያወቁ ደበቁኝ። አገሬ ወርቃ ላይ የወንድሜ የጂግሶ መቃብር ሲቆፈር እኔ ዲላ ላይ የቡና ጆንያ እሸከም ነበር። የሞቱ ወሬ የመጣው በእሳቸው ስልክ ነው። ያነሱት እሳቸው ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ፊት ለፊታቸው ቆሜ «ስልክ ነበር እንዴ?» ብዬ ስጠይቃቸው «የለም፤ ብላ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። እትዬ ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሐሙስ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ስማቸው ሲነሳ «ደግ ሴት ነበሩ» ከሚል በቀር ሌላ የሚናገር ሰው ጠፋ። ደግ ነበሩ፤ እኔም አልክድም። ግን ደበቁኝ። አንዱን ጽፌ ሌላውን ብተው ውሸታም እሆናለሁ፤ ውሸት ደግሞ ከዚያች ምሳ ወዲህ ይተናነቀኛል።

ከሸዋ የመጡ ናቸው። ባላቸው የስልክ እንጨት ተካይ ነበሩ። ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር እንጨት እየተከሉ፣ ሽቦ እየወጠሩ ዲላ ሲደርሱ ቤት ሠርተው ቀሩ። ለዚህ ነው በሰፈራችን መጀመሪያ ስልክ የገባው እሳቸው ቤት የሆነው። ባልየው ሲሞቱ ለእትዬ የቀራቸው ግቢው፣ ሽቦውና ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ናት። እኔ ከወርቃ ቡና ልጭን መጥቼ ከጓሮ ካሉት ክፍሎች አንዷን ተከራየሁ። ያኔ ፊደል አላውቅም። አማርኛዬም ጌዴኦ ጌዴኦ የሚል ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ።

«እትዬ፣ ስልኩ እየጮኸች ነው» እላቸዋለሁ።

«እየጮኸ ነው በል። ሴት ብትሆን ሳይደወልላት ታወራ ነበር!»

ስልኩ ጥቁር ነው። ዳንቴል ለብሶ ከራዲዮው ጎን ይቀመጣል። ሲጮህ እትዬ መጀመሪያ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ሰው በራቸውን ያንኳኳ ይመስል። ከዚያ ቆመው ያነሱታል። ቁጭ ብለው በስልክ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸው እንደ መንገዱ ርዝመት ነው። ለይርጋጨፌ እንደ ጎረቤት፣ ለአዋሳ ጠንከር አድርገው፣ ለአዲስ አበባ ግን በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀና እስኪል ይጮሁ ነበር።

«ሽቦው ያደርሰው የለም እንዴ፣ ምን ያስጮህዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ታዲያ ያን ሁሉ አገር ብቻውን ልስደደው?» አሉኝ።

ያኔ ሞባይል ገና ሰው እጅ አልገባም። ሰፈሩ በሙሉ የሚደወልለት በእሳቸው ስልክ ነበር። እሳቸው ደግሞ ወሬን እንደመጣ የሚያቀብሉ ሴት አይደሉም። ልጅ ተወለደ፣ እከሌ ፈተና አለፈ የሚል ከሆነ ደጃቸው ላይ ወጥተው ይለፍፉታል። ባለቤቱ ራሱ ከሰው ኋላ ነው የሚሰማው። ሞት ሲሆን ግን ስልኩን ዘግተው፣ ዳንቴሉን አልብሰው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሽንኩርታቸውን ይከትፋሉ። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ይወጡና ዕድር ዳኛው ጋ፣ ጎረቤቱ ጋ፣ የሰውየው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋ ይዞራሉ። ሲነጋጋ ሁሉም ተሰብስበው የሐዘንተኛውን በር ያንኳኳሉ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ አገር ያውቀዋል። እሳቸው ግን ከአገሩም አብልጠው ሕግ አድርገውት ነበር። «ደስታ በሽቦ ይምጣ፤ ሐዘን በእግሩ ይምጣ» ይሉ ነበር።

አባባሉን እወደው ነበር። በራሴ እስኪደርስ።

ጂግሶ ታላቄ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ቡና የሚለቀምበት። «እሸት ቡናዬን ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው አስረክቤ ከገደብ ከተማ እደውልልሃለሁ» ብሎኝ ስለነበር ያን ሰሞን በየምሳው እየመጣሁ እትዬን እጠይቃለሁ። ረቡዕ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ከገደብ ከተማ ደወለ። «ጂግሶ ማታ ድንገት ወድቆ ሞተ። ነገ ጠዋት እንቀብራለን፣ ለበራሶ ንገሩልን» አለ። በራሶ እኔ ነኝ።

በምሳ ሰዓት መጣሁ። ጠየቅኩ። «የለም፤ ብላ» አሉኝ። እትዬ ለተከራይ ምግብ የሚያቀርቡ ሴት አልነበሩም። ሽሮ አቀረቡልኝ፣ ቃሪያ ሰነጉልኝ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስበላ ያዩኛል።

«ጨምር» አሉኝ።

«ምነው ዛሬ? ኪራይ ሊጨምሩብኝ ነው መሰለኝ» ብዬ ሳቅኩ።

«ጨምር አልኩህ፣ አንተ ልጅ። የምትሸከመው ብዙ ነው።»

ጆንያውን መስሎኝ ጨምሬ በላሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ ያ ምግብ ነው። ወንድሜ ተገንዞ ተኝቶ እኔ ቃሪያ እየነከስኩ እስቃለሁ።

እኔ ወደ መጋዘኑ ስመለስ እሳቸው ከተማውን ዞሩ። ዕድር ዳኛው ለሌላ ለቅሶ ይርጋጨፌ ሄዷል። እኔ የምጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ባንኮ ጎቲቲ የሚባል መንደር ጉባኤ ላይ ናቸው፤ ሲመሻሽ ነው የሚመለሱት። እትዬ ጠበቋቸው። እንግዲህ ሐሙስ ሲነጋ በሬን ስከፍት ሰዎቹ ደጄ ላይ ቆመዋል። መሃላቸው እትዬ፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው። ማንም ምንም ሳይል ገባኝ።

መኪና ተለምኖ፣ በዚያ ጭቃ ወርቃ ስንደርስ ሰዉ ከመቃብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። ያንን ውሃ አልረሳውም። ባልዲውን የያዘችው የጂግሶ ሚስት እህት ናት፤ ስታየኝ ልታስታጥበኝ ጎንበስ አለች። ምን ነክቼ ነው የምታጠበው? አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አልጣልኩበትም።

ዲላ ስመለስ በቀጥታ እሳቸው ሳሎን ገባሁ።

«ለምን ደበቁኝ?»

«ብቻህን ነበርክ።»

«ወንድሜ ነው እኮ! በእግሬም ቢሆን እደርስ ነበር።»

«እሱን ፈርቼ ነው። በዚያ መንገድ ብቻህን ስታብድ ማን ይይዝሃል?»

«የሚይዘኝ ይያዘኝ፣ የማይይዘኝ ይተወኝ! ወሬው የእኔ ነው። አጠፋሁ ይበሉኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አላጠፋሁም» አሉኝ።

የዕድሩም የቤተ ክርስቲያኑም ሰዎች ለእርቅ አስቀመጡን። «በራሶ፣ ለደግ ብለው እኮ ነው» አሉኝ። «ለደግ ብሎ የሚሰርቅ አይታችኋል?» አልኳቸው። የወርቃ አባቶችም ሶንጎ ላይ፣ በጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ነገሩን ሰምተው «ሴትዮዋ እንደ እናት ነው ያሰቡልህ፣ ተው» አሉ። እኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው። አጠፋሁ። ከዚያ ጉልበታቸውን እስማለሁ ብዬ ነበር። ቃሏ አልመጣችም። እኔም ከዚያች ምሳ በኋላ በዚያ ቤት እህል አልቀመስኩም። ለፋሲካ በሳህን ይልካሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ይልካሉ፤ ሳህኑን እንደተሸፈነ እመልሳለሁ። መላክ አላቆሙም። እኔም መመለስ አላቆምኩም። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ሆነ። ታዲያ ለምን ቤት አልለወጥክም የሚለኝ አለ። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስንዱም ነበረች፤ ትከሻዬ ላይ ሆና ነው ያደገችው።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ጢሜ ሸብቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት፣ ከአሮጊቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ። መምህሩ ለምን መማር እንደምንፈልግ ሲጠይቀን ሁሉም «መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ» አሉ። እኔ «በእኔና በወሬዬ መሃል ሰው እንዳይቆም» አልኩ። አልገባውም። መጀመሪያ አጥርቼ ያነበብኩትም ወንጌል አይደለም፤ ሞባይሌ ላይ የተጻፈውን የአጎቴን ልጅ ስም ነው። ሞባይሌን ይዤ እትዬ ደጅ ላይ ቆምኩ።

«ከእንግዲህ ወሬዬ በእርስዎ በር አያልፍም» አልኳቸው።

«እሰይ! እኔም ጉልበቴን ላሳርፍ» አሉኝ።

ስልኩ እየተቀየረ መጣ። ሞባይሉም አለፈበትና ምስል ያለው መጣ፤ በኢንተርኔት የሚደወልበት። ስንዱ አድጋ ኩዌት ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ ነበር። መጀመሪያ የምትደውለው በእናቷ ሽቦ ነው። ካርዱ ስለሚበላባት «ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህና ነሽ እማዬ፣ በቃ ቻው» ነው ወሬያቸው። በኋላ እኔ ምስል ያለውን ስልክ ስገዛ በእኔ መደወል ጀመረች። እትዬ ከእኔ ስልክ ጋር ሰላም አልነበሩም። ሽቦ ስለሌለው «ነፋስ» ነው የሚሉት። ጠዋት ግቢ ውስጥ ስንገናኝ «ነፋስህ ደህና አደረ?» ይሉኛል። እኔም «ሽቦዎ አልዛገም?» እላቸዋለሁ። ኩርፊያችን እንዲህ ነበር፤ ቃላት አለው።

በምስል መጀመሪያ ያገናኘኋቸው ቀን ስልኩን ዘርግቼ ያዝኩላቸው። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ተነስተው ቆሙ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባው በበለጠ ጩኸት፦

«ስንዱዬ! እንዴት ነሽ ልጄ!»

«እማዬ አትጩሂ፣ ማዳም ትሰማለች!»

ግቢው በሳቅ አለቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ ስልኩ ቀረቡ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምን እጄን?»

«የሸሸግሽውን።»

ስንዱ እጇን አወጣች። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የተቃጠለ ጠባሳ ነው። «ዘይት ነው እማዬ፣ ትንሽ ነው፣ ቆይቷል» አለች። እትዬ ስልኩን መለሱልኝና ያኔ ተቀመጡ። በስልክ አውርተው ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«ይኸው ስንት ጊዜ በሽቦ ደህና ነኝ እያለችኝ እንቅልፌን ተኝቻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ አሁን ማየትዎ አይሻልም?»

«አየሁ። ምን አደረግኩላት?»

 አፌ አያርፍም። «ቢያንስ እውነቱን አወቁ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም እዚያው ነህ?»

ከፊት ለፊቴ ያለውን ክፍል የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወሬው ግን ሁሉ ጊዜ ስለ ወደፊት ነው። «እትዬ፣ ይሄ የቤት ስልክ የሚባል ነገር ከጥቂት ዓመት በኋላ አይኖርም። ሁሉም በኢንተርኔት ነው የሚደውለው» ይላቸዋል።

«አንተስ ትኖራለህ?» ይሉታል።

እኔ ከመምህሩ ጋር ነበርኩ። ሽቦ የሰው እጅ ያስፈልገዋል፤ አንሺ አለው፣ ጠሪ አለው፣ ደባቂ አለው። ኢንተርኔት ግን ከባለቤቱ ኪስ ነው የሚጮኸው። ይህን ስናገር እትዬ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ ይሰሙኛል። ኢንተርኔት የጠፋበት ሰሞን ግን ሰፈሩ እንደ ድሮው በራቸው ላይ ተሰለፈ፤ መምህሩም አዲስ አበባ ያለች እጮኛውን ለማግኘት ከሰልፉ ውስጥ ቆመ። «ነፋሱ ወዴት ሄደ ልጄ?» ብለው አገጩን ያዝ አደረጉት። አንዲት ሳንቲም አልተቀበሉትም። ነፋሱ ሲመለስ ሰልፉ ጠፋ፤ ዳንቴሉ ተመልሶ ስልኩ ላይ ወደቀ። ሽቦ ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ «እትዬ፣ አሁን ሽቦ የሚፈልግ ሰው ለዋይፋይ ነው እንጂ ለወሬ አይደለም» አላቸው። ሽቦው ኢንተርኔቱንም ሊሸከም እንደሚችል ያን ቀን ሰሙ። በጣም ገረማቸው። «እንግዲያው የሚሞተው ስልኩ እንጂ የባሌ ሽቦ አይደለም» አሉ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ እግራቸው ማበጥ ጀመረ፣ ትንፋሽም አጠራቸው። ሐኪም ቤት ተኝተው ወጡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። አልጋቸው ሳሎን ወጥቶ ከስልኩ አጠገብ ሆኗል።

«በራሶ፣ እኔ እንግዲህ መንገደኛ ነኝ። ስንዱ ለአንተ ነው የምትደውለው።»

«አውቃለሁ።»

«በእግሩ ይምጣላት።»

«እትዬ፣ እኔ አልዋሽላትም። ቁርጡን እነግራታለሁ።»

«ለሚሞት ሰው እንኳ እሺ አትልም?»

«አልልም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ውሃ ሰጠኋቸው። «ደግ። ስትደውል ታየዋለህ» አሉኝ። ያኔ ያቺን ቃል እንዲሉኝ ጠበቅኩ። አጠፋሁ። ቃሏ አልመጣችም። የምታስታምማቸው የቤት ሠራተኛ አጥሚት አምጥታ ለሁለታችንም ቀዳች። የእኔን ኩባያ ሳልነካው ወጣሁ። ያ አጥሚት ዛሬ ቢቀርብልኝ ኖሮ፤ ግን አይቀርብም።

ሐሙስ ጠዋት ሞቱ። የዕድሩ ወጣቶች ድንኳን ሊተክሉ ካስማ እየመቱ ነው፤ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ገመድ እይዛለሁ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ስንዱ ናት፣ በምስል።

አነሳሁት። ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። የላስቲክ ጓንት አድርጋለች፣ ከኋላዋ ድስት ይንፋፋል። ሌላ ሰው የለም። ትስቃለች።

«ጋሼ በራሶ! እማዬ እንዴት አደረች?»

ቃሉን ስንት ዘመን ተለማምጄዋለሁ። ወሬው የራሷ ነው፤ ለባለቤቱ ወዲያው ይነገራል። አፌን ከፈትኩ። አየኋት። ድስቱን አየሁት። የፈላ ዘይት ይሁን ውሃ አላውቅም። ጣቴን ካሜራው ላይ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ጠቆረብኝ፣ አትታየኝም።»

«ኔትወርክ ነው።»

«የምን ጩኸት ነው?»

«ጎረቤት አጥር እየሠራ ነው።»

«እማዬስ?»

«ተኝተዋል።»

«እንዳትቀሰቅሳት! ነገ ዕረፍቴ ነው፣ ነገ እስክትሰለቸኝ አወራታለሁ» አለችና ዘጋች።

ገመዱን ለሌላ ሰጥቼ ጓሮ ገባሁ። ኩዌት አብራት የምታርፍ የአዋሳ ልጅ አለች፤ ቁጥሯን ስንዱ ሰጥታኝ ነበር። ደወልኩላት። «ነገ ዓርብ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ፣ ይዛችኋት፣ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯት። እስከዚያ ማንም እንዳይነግራት» አልኳት። ኩዌት ድረስ እግር ፈለግኩለት እንግዲህ። የእትዬን ዙረት ነው የዞርኩት፣ በነፋስ።

ግን ነፋሱን ማን ይይዘዋል? ያኑ ዕለት ከቀብር እንደተመለስን ከሰፈሩ አንዱ የእትዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። «ነፍስ ይማር እናታችን»። ለደግ ብሎ ነው። ስንዱ እዚያው ድስቷ አጠገብ፣ ብቻዋን አየችው።

ደወለች። ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ፊቷን አልጽፈውም።

«ጋሼ፣ ተኝታለች አልከኝ።»

«ስንዱ...»

«አንተ! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ! የወንድሜ ሞት ተደበቀብኝ ብለህ ስንት ዓመት ሳህኗን ስትመልስባት ዓይኔ እያየ አደግኩ። እማዬን ያስለቀስክበትን ነገር ነው ያደረግክብኝ?»

አለቀሱ እንዴ? እኔ አላውቅም ነበር። ሳህኑ ሲመለስ ያለቅሱ እንደነበር ያን ጊዜ ሰማሁ፣ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጬ። ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ስደውል አይገባም። ቁጥሬን ዘግታብኛለች። የአዋሳዋን ልጅ ስጠይቃት «ስምህ ሲነሳ ተነስታ ትሄዳለች፣ ተዋት» አለችኝ።

አርባቸው ወጣ። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። መምህሩ ሽቦውን ለዋይፋይ እንዲያዞርለት ያንን ሠራተኛ ይዞ መጣ።

«ጋሼ በራሶ፣ ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ...»

«ይቆይ» አልኩት።

«ማን ሊደውልበት ነው?»

«አላውቅም። ይቆይ አልኩህ።»

ሠራተኛው መሰላሉን አጣጥፎ ሄደ። እኔ ከሥራ ስመለስ ሳሎኑን ከፍቼ አናፍሳለሁ፣ ዳንቴሉን አራግፌ እመልሳለሁ። ሽቦ የሚባል አይኖርም ብዬ የተከራከርኩት ሰው ነኝ እንግዲህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጮኸ። ኮቴን አስተካከልኩ። ለምን እንዳስተካከልኩት አትጠይቁኝ። ቆሜ አነሳሁት።

«ጋሼ» አለች። «ስንዱ ነኝ።»

«አቤት ልጄ።»

«ካርድ ገዝቼ ነው። ፊቴን እንድታይ ስላልፈለግኩ በዚህኛው ደወልኩ።»

«እሺ።»

 ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ አየሁት እንጂ ማንም አልነገረኝም እኮ። ልጆቹም ዓርብ ሲመጡ እኔ ቀድሜ ስጮህ ደረሱ። እስከ ዛሬ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ የለም። ንገረኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ልጆቹ አሉ። ከብበውኛል።»

«ቁጭ በይ።»

«ተቀመጥኩ።»

«ስንዱ፣ እናትሽ እትዬ ጥሩወርቅ ሞተዋል» አልኳት። ኩዌት ሩቅ ነው፤ ጮኼ ነበር። በመንገዱ የሚያልፉት ቀና አሉ፣ አንድ ባጃጅ ቆመ። ስንዱ እሪ አለች፣ ሴቶቹም አብረዋት። ጆሮዬ ላይ ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ ቆሜ ያዝኩት። እንዴት እንዳረፉ፣ ማን እንደገነዛቸው፣ የት እንደተቀበሩ፣ ማን ማን እንደመጣ ጠየቀችኝ። ምንም አላስቀረሁባትም።

በመጨረሻ፦

«ለምን ደበቅከኝ ጋሼ?»

«ብቻሽን ነበርሽ።»

«አጥፍተሃል።»

የሳሎኑን ግድግዳ አየሁ። እዚያው ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካከሉበት።

«አጠፋሁ» አልኩ።

ቃሏ በዚያ ቤት ተነገረች። ማን መናገር ነበረበት የሚለውን ከእንግዲህ አልከራከርም። ስንዱ «በል እህል ቅመስ፣ ድምፅህ ደክሟል» ብላኝ ዘጋች። ዳንቴሉን አልብሼ ወጣሁ። የእትዬ ሠራተኛ ደጁ ላይ ምሳዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ «ኑ ጋሼ» አለችኝ፤ ተቀምጬ በላሁ። በማግስቱ መምህሩን ጠርቼ ሽቦውን ሰጠሁት።

ነገሩ ያለቀው ዓርብ፣ መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው።